የአባቴ ሠላሳ ቀን እና «አለሁ» የምትባለው ቁልፍ

ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አቃቂ ቃሊቲ

ለክቡር አቶ ፍቅሩ
የወረፋ ማዘመኛ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ማታ ከሥራ ሲወጡ አንድ ስክሪን እንዲያጠፉልን በትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የመላ ቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ላይ በየጠዋቱ ውሃ የሚጠጡትን አበቦች ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በአዳራሽዎ ውስጥ የምንውለው ባለጉዳዮች፣ ከወገባችንና ከፊኛችን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ሃዊ ጃለታ እባላለሁ። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ሳሪስ አቦ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው። ክቡርነትዎ ባለፈው መጋቢት ሪባን ቆርጠው የመረቁትን የወረፋ ድረ ገጽ ከሠሩት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። በምረቃው ዕለት ስማችንን ሳይጠሩ በማለፍዎ ያን ጊዜ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ስሜ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ አዳራሽ ደፍሬ የምገባ አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከአባቴ ከአቶ ጃለታ ጎን ተቀምጬ፣ ወረቀቱን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። አባቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አቃቂ ውስጥ ብረት ሲቀጠቅጡና ሲበይዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አያቴ ያርሱት ከነበረው መሬት ጥግ፣ ወንዙ ዳር በገዛ እጃቸው በሠሩት ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። ያ ቤት ለልማት ይነሣል ተብሎ ምትክ ቦታ ተፈቅዶላቸዋል፤ ለዚህም ያለ ምንም ሽሙጥ እናመሰግናለን። ማስታወቂያው እንደሚለው ባለቤቱ ራሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት፤ ሠላሳው ቀን ካለፈ ማኅደሩ ይዘጋል፣ ቦታውም በተራ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። ዛሬ ሃያ ሰባተኛው ቀን ነው። ሠላሳኛው ቀን የፊታችን ዓርብ ይሆናል። አባቴ አሥራ ሰባት የሥራ ቀን ሙሉ አዳራሽዎ ውስጥ ውለዋል፤ የሚፈረምበትን ጠረጴዛ ግን እስከ ዛሬ በሩቁ ከማየት በቀር አልደረሱበትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. የእትዬ ፀሐይቱን ደብተር ስላስወገዱልን እናመሰግናለን። ክቡርነትዎ ላያስታውሷቸው ይችላሉ፤ እትዬ ፀሐይቱ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው። ድረ ገጹ ከመምጣቱ በፊት ማልዶ የመጣ ሰው ስሙን እርሳቸው ዘንድ ባለች አንዲት ደብተር ላይ ያስመዘግብ ነበር። በዕለቱ ያልደረሰው ሰው በማግስቱ ከላይ ይጀምራል። መድኃኒት ሊገዛ ብድግ ያለ ሰው ቢኖር «መጣሁ ብሎኛል» ይሉለታል። አራስ ስትመጣ ማንንም ሳያማክሩ ከፊት ይጽፏታል፤ ያጉረመረመ ካለም «አንተስ ከድንጋይ ነው እንዴ የተወለድከው?» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይህ አሠራር ኋላ ቀር መሆኑን በምረቃው ንግግርዎ በሚገባ አስረድተውናል። ደብተሩን አሁን እትዬ ፀሐይቱ ቆሎ መጠቅለያ አድርገውታል፤ ትናንት በአንድ ጥቅል ቆሎ ላይ የሦስት ሰው ስም አግኝቻለሁ።

2ኛ. «አለሁ» ለምትባለው ቁልፍ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሐሳቡ የክቡርነትዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቁጥር ይዞ ጥሎ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር፣ ባለጉዳዩ ሁሉ በየአሥር ደቂቃው «አለሁ» የሚለውን ቁልፍ በጣቱ አሻራ መንካት አለበት፤ ካልነካ ቁጥሩ ይሰረዛል። ዘመናዊ ስልክ ያለው በስልኩ ይነካል፤ የሌለው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ባለው ትልቁ ስክሪን ይነካል። አባቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ የስክሪኑ ደንበኛ ናቸው። ባለ ዘመናዊ ስልኮቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ቁጥር ይይዛሉ፤ አዳራሹ የሚከፈተው ሁለት ተኩል ላይ ስለሆነ አባቴ በር ላይ ጎሕ ሲቀድ ቢገኙም ከስልሳ በታች ቁጥር አግኝተው አያውቁም። በቀን የሚስተናገደው ሰው ሃያ ነው።

ችግሩ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ብረት የያዘ ጣት አሻራው መፋቁ ነው። ስክሪኑ የአባቴን ጣት የሚያውቀው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ነው። ይህን ስለሚያውቁ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ይነሣሉ፣ ጣታቸውን በሸሚዛቸው ይጠርጋሉ፣ ይጫኑታል፣ እንደገና ይጠርጋሉ። በመካከሉ የሚያንቀላፋ ሰው ካዩ ትከሻውን ነካ አድርገው «ሰዓትህ ደርሷል» ይሉታል። ተቀምጠው የሚያርፉት ጊዜ ከስድስት ደቂቃ በልጦ አያውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ምሳ ላደርስላቸው በመጣሁ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በስልክ ስጠይቃቸው «ደኅና ነኝ፣ እየደረሰኝ ነው» ነበር የሚሉኝ። ስገባ አባቴ ከጎናቸው ላለው ሰው ስክሪኑን በጣታቸው እያሳዩ «ይቺን የሠራቻት ልጄ ናት፤ በእጇ ነው የሠራቻት፤ ያቻት መጣች፣ እያት» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንድም ሰው አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

3ኛ. ስለ መጸዳጃ ቤቱ በአጭሩ። ከአዳራሹ እስከ መጸዳጃው ሦስት ደቂቃ ያስኬዳል፤ ቁልፉ ከጸሐፊዎ ዘንድ ስለሆነ ጸሐፊዎን ለማግኘት በጥሩ ቀን አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ መመለሻው ሦስት ደቂቃ ነው። ሂሳቡን ለክቡርነትዎ እተዋለሁ፤ በመካከሉ የሚሠራውን ሥራ ግን አልደመርኩም። ከፊታችን የነበረችው ዙለይኻ የአራት ወር ልጇን ለማጥባት ወደ ግድግዳው ዞራ ስትመለስ አሥራ አራተኛ የነበረው ቁጥሯ ሰባ ሁለተኛ ሆኖ ጠበቃት፤ ልጁን ታቅፋ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ ደግሞ የስኳር በሽታ አለባቸው፤ ሐኪማቸው ውሃ ጠጡ ይላቸዋል። እርሳቸው ከቤት ከወጡ እስኪመለሱ አንድ ጉንጭ አይጠጡም። ይህን የምጽፈው በንዴት መሆኑን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

4ኛ. አራተኛው ረዘም ይላል፤ ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ፤ እኛ ግን የምንቸኩልበት የለንም።

በየስብሰባው «ድረ ገጻችን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሙከራዎችን አልፏል» እያሉ የሚኮሩባቸውን ሙከራዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ምን እንደሆኑ ያስረዳዎት ሰው ያለ አይመስለኝምና እኔ ልሞክር። በኮድ ውስጥ ወዲያው የሚሠራ ሥራ አለ፤ ቀጠሮ የሚይዝ ሥራም አለ። ልብስ ሰፊ «እሑድ ናና ውሰድ» እንደሚለው፣ ኮዱም «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይህን ሰው ከወረፋ አውጣ» ብሎ ለራሱ ቀጠሮ ይይዛል። ይህን ዓይነቱን ኮድ ስንሞክር አሥር ደቂቃውን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ድረ ገጹን የሠራንበት ፍሬምወርክ የሚባል የኮድ መሥሪያ የማስመሰያ ሰዓት አለው፤ እውነተኛውን ሰዓት ወደ ጎን እናደርግና በማስመሰያው ላይ በአንዲት መስመር «አሥር ደቂቃ አለፈ» እንላለን። ኮዱም ያምናል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አልተነቃነቀም፣ ፊቴ ያለው ሻይ አልቀዘቀዘም፣ ለኮዱ ግን አሥር ደቂቃ አልፏል። «ሠላሳ ቀን አለፈ» ቢሉትም ያምናል፤ ዓይን እስኪርገበገብ ይጨርሰዋል። በዚህ ነውር የለበትም፤ የሙያው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። በማስመሰያው ሰዓት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ግን ውሃ አይጠማውም፣ ሽንት አይመጣበትም፣ የሚያጠባው ልጅ የለውም። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ጥፋቴ ግን ከዚህም የባሰ ነው። ከመቶ አርባ ሰባቱ አንዷ፣ ቢሮው ሲዘጋ ወረፋው ምን እንደሚሆን የምትጠይቅ ሙከራ ነበረች። አስኬድኳት፤ ቀይ ሆነች፤ ወደቀች ማለት ነው። ከሥሯ የወጣው መልእክት አጭር ነው፤ «አንድ ተደጋጋሚ ሰዓት ቆጣሪ ገና በወረፋው ውስጥ አለ» ይላል። ትርጉሙም ግልጽ ነበር፤ ቢሮው ተዘግቷል፣ ሰዉ ወደየቤቱ ሄዷል፣ የአዳራሹ ስክሪን ግን በየአሥር ደቂቃው ሰው መጠየቁን አላቆመም። ለሥራ አስኪያጄ ነገርኩት፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው አልኩ፤ ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለውንም ጨመርኩበት። እርሱም ለክቡርነትዎ ደወለ። ምረቃው በማግስቱ ነበር፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ለስላሳው በሳጥን ገብቷል። የሰጡትን መመሪያ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እኔም ሰምቼዋለሁ፤ «ቀይ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም፤ አረንጓዴ አድርጉልኝ» ነበር ያሉት።

ይህም ይቻላል ክቡር ሆይ። የማስመሰያው ሰዓት ለእንዲህ ያለው ጊዜ አንዲት ትእዛዝ አለችው፤ በሙከራው መጨረሻ የተረፉትን ሰዓት ቆጣሪዎች «ጣላቸው» የምትል። አንዲት መስመር ናት። ጻፍኳት። መቶ አርባ ሰባቱም አረንጓዴ ሆኑ፤ እኔም «ተረጋግጧል» ከሚለው ሥር ፈርሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰዓት ቆጣሪው የተጣለው ግን ከሙከራው ውስጥ ብቻ ነው፤ ከእውነተኛው ስክሪን ላይ ማንም አልጣለውም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው፤ አረንጓዴውን አይቼ ፈረምኩ።

ስለዚህ የሚሆነው ይህ ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ አዳራሹ ይቆለፋል። ስክሪኑ ባዶውን አዳራሽ «አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልስለት የለም። በአሥረኛው ደቂቃ ያን ዕለት ያልደረሰውን ሰው ሁሉ ቁጥር ይሰርዛል። በማግስቱ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ ባለ ስልኮቹም ከአልጋቸው ይቀድማሉ። አባቴ አሥራ ሰባት ቀን አንድ ወረፋ አልጠበቁም፤ አሥራ ሰባት የመጀመሪያ ቀን ነው የዋሉት። ወጥመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተያዙት ግን እርሳቸው ናቸው።

5ኛ. መውጫ ፈልጌ ያላንኳኳሁት በር የለም፤ በሮቹን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ስለዘጉልን እናመሰግናለን። የአባቴን ወረፋ በእኔ ስልክ ልያዝላቸው ብል፣ በማኅደራቸው ላይ የተመዘገበው የራሳቸው ስልክ ቁጥር ስለሆነ መጀመሪያ ቁጥሩ መቀየር አለበት፤ ቁጥር ለማስቀየር ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። ውክልና ይስጡኝና እኔ ልፈርም ብል፣ ውክልናው እዚሁ መጽደቅ አለበት፤ ለማጽደቅ ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። ኮዱን ላስተካክለው ብል፣ ማስተካከያውን ከጻፍኩት አሥር ቀን ሆኖታል፤ ነገር ግን በውላችን መሠረት ያለ ጽሕፈት ቤትዎ የጽሑፍ ፈቃድ ማስገባት አልችልም፤ ፈቃዱን ለመጠየቅም፣ መቼም ገምተውታል፣ ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። ድርጅት ደግሞ ቁጥር የሚይዘው በአዳራሹ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እዚህ ተቀምጫለሁ። ዛሬ አባቴ ስልሳ አንደኛ፣ እኔ ስልሳ ሦስተኛ ነን። እርሳቸው ተነሥተው «አለሁ» ይላሉ፤ ቀጥሎ እኔ ተነሥቼ «አለሁ» እላለሁ። የተሰለፍኩት የሠራሁትን ስህተት እንዳርም ይፈቀድልኝ ዘንድ ነው፤ ማታ ማታ የሚሰርዘኝም ያው የሠራሁት ስህተት ነው።

አንዳንዴ አየር የሚያጥረኝ ይመስለኛል። አዳራሹ መስኮት አለው፤ መስኮቱም ክፍት ነው።

6ኛ. ድንጋዮቻችንን ስላጸዱልን ከልብ እናመሰግናለን። በዚህ አገር ለዳቦም ሆነ ለውሃ የተሰለፈ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ዞር እንደሚል፣ ድንጋዩንም ማንም እንደማይነካበት ክቡርነትዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ቁጥሩ ማታ ማታ እንደሚጠፋ ሲታወቅ፣ ስልክ የሌላቸው ባለጉዳዮች ተመካክረው በበረንዳው ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመሩ። እያንዳንዱ ሰው ማታ ሲወጣ ድንጋዩን በተራው ያኖራል፤ ጠዋት በድንጋዩ ተራ ገብቶ ስክሪኑን ይነካል። ባለ ስልኮቹን ባይቀድሙም ቢያንስ እርስ በርሳቸው አይጋፉም ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ መገርሳ በየድንጋዩ ላይ በከሰል ስም ይጽፉ ነበር። አባቴ ያመጧት ከግቢያችን አጥር የነቀሏት ናት፤ አጥሩ መፍረሱ ካልቀረ አንዷ እንኳ ለቁም ነገር ትዋል ብለው ነው።

ባለፈው ሳምንት አሠራሩን ሊጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ድንጋዮቹ በጋሪ ተጭነው ተደፉ። ለጋሽ መገርሳም «ከሥራ ድርሻ ውጪ ድንጋይ በመጠበቅ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ማስጠንቀቂያውን ለአባቴ ሲያሳዩ «ሠላሳ ዓመት በር ስጠብቅ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያለኝ የለም፤ አሁን ድንጋይ ብጠብቅ ደብዳቤ መጣልኝ» አሉ። እንግዶቹ መጥተው ስክሪኑን አጨበጨቡለት። አባቴም ልጃቸው የሠራችው ነውና አብረው አጨበጨቡ።

7ኛ. የመጨረሻው፣ ስለ ሠላሳው ቀን ነው። ይህንንም የሞከርኩት እኔ ነኝ። ሙከራ ሲጻፍ የአመልካች ስም ያስፈልጋል፤ እኛም ሌላ ስም ከመፈለግ አፋችን ላይ ያለውን እንጽፋለን። «ጃለታ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም «ሠላሳ ቀን አለፈ» አልኩት። ከጎኑ ሊሆን የሚገባውን ጻፍኩ፤ የጃለታ ማኅደር ይዘጋል። አስኬድኩት፤ የጃለታ ማኅደር ተዘጋ። አረንጓዴ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ በአንድ ጊዜ የተሳካልኝ ሙከራ እርሱ ብቻ ነበር።

ትናንት ማታ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው። ቀይዋን ሙከራ፣ ያቺን አንድ መስመር፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እርሳቸው ግን «ታዲያ አጥፊያት፤ የሠራሻት አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ሙያዬ የሚያወጣውን መፍትሔ አባቴ በአንድ ቃል ደርሰውበታል። ማታ ስክሪኑ ቢጠፋ ገጹ ይዘጋል፤ ሰዓት ቆጣሪውም አብሮት ይሞታል። የባለጉዳዮቹ ዝርዝር ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ሳይነካ ያድራል፤ ጠዋት ሲበራ ከቆመበት ይቀጥላል። ኮድ መንካት አያስፈልግም፤ ፈቃድ፣ ኮሚቴ፣ ጨረታ አያስፈልግም። ስክሪኑ ግን እንዳይሰረቅ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፏል፤ ማጥፊያው ከፍርግርጉ ውስጥ ነው፤ የፍርግርጉ ቁልፍ ደግሞ በክቡርነትዎ መሳቢያ ውስጥ ነው። መብራት መጥፋቱ እንኳ ሊታደገን ይችል ነበር፤ እርስዎ ግን አርቆ አሳቢ ነዎትና ባትሪ አስገዙለት። በጋሽ መገርሳ በኩል ቁልፉን ለማስጠየቅ ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊዎ ኃላፊውን ለማነጋገር ወረፋ መያዝ እንደሚያስፈልግ በትሕትና ገልጻልናለች።

የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው። ዛሬ ማክሰኞ አባቴ ስልሳ አንደኛ ናቸው። ዛሬ ሃያ ሰው ይስተናገዳል። ዛሬ ማታ ከቢሮ ሲወጡ ጎራ ብለው ስክሪኑን ቢያጠፉት አባቴ ነገ አርባ አንደኛ ሆነው ይጀምራሉ። ነገ ማታም ቢያጠፉት ሐሙስ ሃያ አንደኛ ይሆናሉ። ሐሙስ ማታም ቢያጠፉት ዓርብ ጠዋት፣ በሠላሳኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰው ይሆናሉ። ከሦስቱ ማታ አንዱ ቢዘለል አይደርሱም። ከመሳቢያዎ እስከ ስክሪኑ አርባ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፤ እዚህ የምቆጥረው ሌላ ነገር አላጣሁም ነበር፣ ግን እርሱን ደግሜ ቆጥሬዋለሁ።

ክቡርነትዎ በዘመናዊ አሠራር ላይ ያለዎትን ጽኑ እምነት እንደማከብር፣ ለአረንጓዴ ቀለም ያለዎትን ፍቅርም እንደምጋራ እየገለጽኩ፣ መሳቢያዎ በቀላሉ እንዲከፈት፣ መንገድዎ በአዳራሹ በኩል እንዲያልፍ፣ ወንበርዎም እንደኛ ወንበር ጀርባ የሚያሳምም እንዳይሆንብዎ ከልብ በመመኘት፣ በየአሥር ደቂቃው ከመቀመጫዬ በምነሣበት ጥልቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሃዊ ጃለታ
የዛሬ ቁጥር 63
(አለሁ)

ግልባጭ፦
– ለእትዬ ፀሐይቱ፣ ከተረፈው ደብተራቸው ጋር እንዲያያዝ
– ለጋሽ መገርሳ፣ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤያቸው ሥር እንዲቀመጥ
– ለአዳራሹ ስክሪን፣ ማታ ብቻውን ሲሆን እንዲያነበው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤቱ የአስተያየት መቀበያ ልልክልዎት ሞክሬ ወረፋ ያዥ ስላለኝ፣ በር ላይ ከለጠፍኩት ሌላ አንዱን ቅጂ በበረንዳው ላይ አኑሬልዎታለሁ። ከላዩ የተጫነችው ድንጋይ ከጋሪው የተረፈችው የአባቴ ድንጋይ ናት፤ ጋሽ መገርሳ በጥበቃ ክፍላቸው ደብቀዋት ነበር። ተራዋን እየጠበቀች ነውና እንዳትነሣብን።

ሁለተኛ ማስታወሻ፦ ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ በሁለት «አለሁ» መካከል፣ ላፕቶፔን ከፍቼ የሠላሳውን ቀን ሙከራ አንድ ጊዜ አስኬድኩት። አንድ ቃል ብቻ ነው የለወጥኩት፤ «ጃለታ» የሚለውን ስም «ፍቅሩ» አልኩት። «ሠላሳ ቀን አለፈ» ስለው ወዲያው አመነ። ማኅደርዎ ተዘግቷል ክቡር ሆይ፤ ቦታዎም በተራ ለሚቀጥለው ተሰጥቷል። ምንም ቀይ የለበትም፤ ልክ እንደወደዱት አረንጓዴ ነው።